ምግብ ለማይስማማው ውሻ ብስኩት መጋገር፦ ችግሩ በየት በኩል ይገባል?

ውሻችን መቻል ሁለት ዓመት ሲሞላው ጆሮውን እያከከ ማድማት ጀመረ። ሌሊቱን ሙሉ መዳፉን ሲልስ ያድራል። የእንስሳት ሐኪሙ አይቶ የሚበላውን እንድንመረምር ነገረን። የስንዴ ዳቦ ተከለከለ፣ የበሬ ሥጋም ተከለከለ። እኔም እዚሁ ደሴ ቤቴ ውስጥ የጤፍ ብስኩት እጋግርለት ጀመር። ማከኩ ግን አልቆመም። ሦስት ወር ሙሉ ሊጡን ስቀያይር ከረምኩ። ኋላ ላይ እንደገባኝ፣ ጥፋቱ እኔ የምጨምረው ነገር አልነበረም። ሳላየው የሚገባው ነበር።

እናንተም እንዲህ ያለ ውሻ ካላችሁ፣ ምልክቱን እያያችሁ ምክንያቱን የምትፈልጉበትን መንገድ ልንገራችሁ።

ብስኩቱ ንጹሕ ነው፣ ውሻው ግን ማከኩን አልተወም

በውሾች ላይ አለርጂ ያስነሳሉ ተብለው በተደጋጋሚ የሚጠቀሱት የበሬ ሥጋ፣ ወተትና የወተት ውጤት፣ ዶሮ እና ስንዴ ናቸው። እነዚህን አስወጥታችሁም ማከኩ ካልቆመ፣ መጀመሪያ ወፍጮ ቤቱን ጠርጥሩ። ከእናንተ በፊት ስንዴ ተፈጭቶ ከሆነ፣ ቀድሞ የሚወጣው የጤፍ ዱቄታችሁ የስንዴ ርዝራዥ ይዞ ይወጣል። ለአብዛኛው ሰው ምንም አይደለም። ስንዴ ለማይስማማው ውሻ ግን ይበቃዋል። ስለዚህ ጤፍ ወይም ማሽላ ካስፈጨ ሰው ቀጥላችሁ ተሰለፉ። መጀመሪያ የሚወጣውን ሁለት ኪሎ ያህል ለቤት እንጀራ አድርጉት፤ ለውሻው ከመጨረሻው ለዩለት። ሽሮ ከሚፈጭበት ወፍጮ ግን ጭራሽ አታስፈጩለት። የሽሮ ቅመም ነጭ ሽንኩርት አለው። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ይህ አለርጂ ላለበት ብቻ ሳይሆን ለማንኛውም ውሻ ነው። የሽምብራ ዱቄት መጠቀም ከፈለጋችሁ፣ ቅመም ያልገባበት ሽምብራ ለብቻው ይፈጭ።

ቀጥሎ ምጣዱን ተመልከቱ። ትናንት ዳቦ የተጋገረበት የሸክላ ምጣድ ስንዴውን በቀዳዳዎቹ ይዞ ይቆያል። ማሰሻውም እንደዚያው ነው። ትንሽ የሸክላ ምጣድ ከገበያ ገዝታችሁ ለእሱ ብቻ አድርጉለት። በኦቭን ለምትጋግሩ ፎይል ማንጠፍ ይበቃል። "ትንሽ ቅቤ ብቻ" የምትሉም ተዉት። ንጥር ቅቤ ወተትም ነው፣ ሽንኩርትም ነው።

ሥጋ የምትጨምሩ ከሆነ ልኳንዳውን ጠይቁ። የፍየል ሥጋ በበሬ መፍጫ ከተፈጨ የፍየል ብቻ አይደለም። ሥጋውን ሙሉውን ግዙና ቤት ክተፉት። የበሬና የበግ ፕሮቲን ስለሚመሳሰል፣ በአንዱ የሚታከክ ውሻ በሌላውም ሊታከክ ይችላል። እኔ የምመርጠው ዓሣ ነው። ከሐይቅ የሚመጣው ቆሮሶ ለእኛ ቅርብ ነው፤ መቻልም ከዚያ በፊት ቀምሶት አያውቅም ነበር። ዋናው ነገር ውሻው ከዚህ በፊት በልቶት የማያውቀው ሥጋ መሆኑ ነው። ባቲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የግመል ሥጋ ቤታችሁ ከገባ መሞከር ትችላላችሁ። ዓሣው ሲበስል እሾሁን አንድ በአንድ ልቀሙ።

ሐኪም የሰጣችሁን መድኃኒትም አትርሱ። አንዳንድ የትል ኪኒን ውሻ እንዲወደው ተብሎ የሥጋ ጣዕም ይጨመርበታል። ስትገዙ ጠይቁ።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ግቢው ነው። እኛ ግቢ ውስጥ ለፋሲካም ለአረፋም ይታረዳል፤ አጥንቱ የሚደርሰው ለመቻል ነው። ጎረቤታችን ያሉ እናት ደግሞ ቡና ባፈሉ ቁጥር የዳቦ ቁራሽ ይወረውሩለት ነበር። እምቢ ብላቸው "የኔ ልጅ፣ እሱም እኮ ያምረዋል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በወሎ ቤት ቡና እየተጠጣ ማንም ዝም ብሎ እያየ አይቀመጥም። ስለዚህ መከልከሉን ትቼ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ የመቻልን ብስኩት ሰጠኋቸው። "ሲያምረው ከዚህ ይስጡት" አልኳቸው። ለግቢው ልጆችም አንድ ቆርቆሮ አስቀመጥኩ። አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርንለት፤ ጨርቁን ያየ ሁሉ ከቆርቆሮው ውጪ ምንም እንደማይሰጠው ተስማማን። ማከኩ መቀነስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ምግቡን በትክክል ለመፈተን ጊዜ ይጠይቃል። ቢያንስ 8 ሳምንት አንድ ዓይነት ሥጋና አንድ ዓይነት ኃይል ሰጪ ምግብ ብቻ ይበላል፤ ለምሳሌ ዓሣና ድንች። በእነዚህ ሳምንታት ብስኩቱም ከእነዚሁ ከሁለቱ ብቻ ይሠራል። ጤፍም ተልባም ይቆዩ። ሆዱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ ቆዳ ግን ዘገምተኛ ነው። ሲሻለው የድሮውን ምግብ አንድ በአንድ መልሱለት፤ ለእያንዳንዱ እስከ ሁለት ሳምንት ስጡት። ማከኩ የተመለሰበት ምግብ እሱ ነው።

ምናልባት ምግብ ላይሆን ይችላል

ጀርባውንና የጅራቱን ሥር የሚያክ ከሆነ ቁንጫ ፈልጉ። ፀጉሩን ገልጣችሁ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አራግፉት። የወደቀው ጥቁር ብናኝ በውሃው ወደ ቀይ ቡናማ ከተለወጠ የቁንጫ ኩስ ነው። የጆሮው ጠርዝና ክርኑ ፀጉር አልባ ሆኖ ከቀረፈ እከክ ሊሆን ይችላል፤ እከክ ወደ ሰውም ስለሚሻገር ሐኪም ይየው። የምግብ አለርጂ ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ ሲሆን ጆሮን፣ መዳፍን፣ ብሽሽትንና ሆድን ይይዛል። ቁንጫ ሳታጠፉ ምግብ መቀያየር ጊዜ ማባከን ነው።

ብስኩቱን ከበላ ሆዱ ይላላል

ይህ ሁልጊዜ አለርጂ አይደለም። ወተት የሚያስቀምጠው ውሻ ብዙ ነው፤ ሲያድግ የወተቱን ስኳር የሚፈጭበት አቅም ስለሚቀንስ ነው። ተልባና ዱባም ሲበዙ ያስቀምጣሉ። አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ ብዛቱ ብቻ ነው። ብስኩት ከቀን ምግቡ ከአሥር እጅ አንድ እጅ መብለጥ የለበትም። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ቁራጭ ለአንድ ጊዜ ትበቃለች። አዲስ ሊጥ ሲሆን መጀመሪያ ቀን አንድ፣ በማግስቱ ሁለት እያላችሁ ጨምሩ።

ጥሬ ሊጥ ግን እንዳይቀምስ። እርሾ ያለበት ሊጥ ሆዱ ውስጥ ያብጣል፣ አልኮልም ያወጣል። አተላም እንደዚሁ ነው። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ወይን፣ ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ያለበት ማንኛውም ነገር፣ ቡና እና ብዙ ጨው ሁሉም ይቅሩበት።

ይፈረካከሳል

ጤፍና ማሽላ ግሉተን የላቸውም፤ ሊጡን የሚይዝ ነገር ስለሌለ ይበተናል። እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ተቆልታ የተወቀጠች ተልባ ሁለት የሾርባ ማንኪያ በስድስት ማንኪያ ውሃ እነክርና እስክትዝለገለግ ሩብ ሰዓት እተዋታለሁ። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ የጤፍ ዱቄትና አንድ ብርጭቆ ተቀቅሎ የተፈጨ ዱባ አዋህዳለሁ። ውሃ የምጨምረው በመጨረሻ፣ በማንኪያ ነው። ሊጡ ከተሠራ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ ጤፍ ውሃውን ቀስ ብሎ ነው የሚጠጣው። እንቁላል የሚስማማው ከሆነ አንድ እንቁላል የተልባን ቦታ ይተካል። ይህ የ8 ሳምንቱ ፈተና ላለቀለት ውሻ መሆኑን አትርሱ።

ላዩ ያራል፣ ውስጡ ሊጥ ነው

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ እርጥበትም ከላይ ቶሎ ይተናል። ላዩ ሲደርቅ ውስጡ ገና ነው። ኮምቦልቻ ያለችው እህቴ በዚሁ ሊጥ ስትጋግር ይህ ችግር ብዙም አያጋጥማትም፤ እሷ ያለችው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መፍትሄው እሳቱን መቀነስና ሊጡን ማሳሳት ነው። ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በላይ አይወፍር። በኦቭን 150 ዲግሪ ላይ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከዚያ አጥፍታችሁ እዚያው ውስጥ ይደር። በከሰል ከሆነ ፍሙን ወደ ዳር ግፉና ብስኩቱን አንዴ ገልብጡት።

ሻገተ

በደንብ ያልደረቀ ብስኩት በክረምት ቶሎ ይሻግታል። ሰብራችሁ እዩት፦ ቀጭ ካላለ አልደረቀም። ለስላሳ ከወደዳችሁት ፍሪጅ ውስጥ አምስት ቀን ይቆያል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙት። መብራት ጠፍቶ ቀልጦ ከዋለ መልሳችሁ አታቀዝቅዙት። የሻገተውን ክፍል ቆርጦ መስጠት አይቻልም። በተለይ የሻገተ በቆሎና ለውዝ አፍላቶክሲን ሊኖረው ይችላል፤ የውሻ ጉበት ደግሞ ይህን መርዝ አይችለውም።

አሽትቶ ይተወዋል

ቅመም አትጨምሩ፤ ሽታ ጨምሩ። ዓሣው የተቀቀለበትን ጨው የሌለው ውሃ በሊጡ ውሃ ፋንታ ተጠቀሙ። ጉበት የሚስማማው ከሆነ ትንሽ የበሰለ ጉበት ደቁሳችሁ ጨምሩ። ጥሬውን ግን በፍጹም። ሲታረድ በጉበትና በሳንባ ላይ የምናየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የትል ዕጭ ነው። ውሻው ጥሬውን ከበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉም ከኩሱ ጋር ወጥቶ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል።

ብስኩት ቆሞ ወዲያው ሐኪም ዘንድ የሚኬደው

ፊቱ ወይም ከንፈሩ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ደም የቀላቀለ ካስቀመጠው፣ እየደጋገመ ካስመለሰው ወይም ድዱ ከገረጣ አትጠብቁ። የበላውን ብስኩት ከተረፈ ይዛችሁ ሂዱ፤ ምን ምን እንዳለበትም በወረቀት ጻፉ። እኔ የእያንዳንዱን ጋገራ ቀን፣ ዱቄቱ የተፈጨበትን ወፍጮ ቤትና ሥጋው የመጣበትን ቦታ በአንዲት ደብተር እይዛለሁ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሷን ነው።