ለወታደር መንፈሳዊ መጽሐፍ ስትሰጡ እነዚህን አትሳሳቱ

ደሴ ፒያሳ መንፈሳዊ መጽሐፍ እሸጣለሁ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲገባ ቁስለኛ ወታደር ወደ ከተማችን ይጎርፍ ጀመር። እንጀራና ውሃ የሚያመላልሱትን እየተከተልን እኛም መጽሐፍ ይዘን ቁስለኞቹ ወደተኙበት ገባን። ያኔ የሠራነውን ስህተት ዛሬም ሰው ሲደግመው አያለሁ። «ጋሼ፣ ለወታደሮች ሃምሳ ዳዊት ስጠን» ብለው ይመጣሉ። ቆይ፣ መጀመሪያ ቁጭ በሉ።

በስም ሃይማኖት መገመት። ይሄ የራሴ ጥፋት ነው። የአንዱ ቁስለኛ የአባት ስም ሰይድ ነበር። ሳልጠይቅ የዱዓ መጽሐፍ ዘረጋሁለት። ልጁ ፈገግ ብሎ ማዕተቡን ከአንገቱ ሳብ አድርጎ አሳየኝ። አባት ሼህ፣ ልጅ ዲያቆን በሚሆንበት በወሎ ተወልጄ! «ምን ላምጣልህ?» ብል ምን ነበረበት? አንዳንዱ መጽሐፍ አልፈልግም፣ ካልሲ አምጣልኝ ይላል። ካልሲውን አምጡለት።

የመዝሙር ቁጥር። እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል። «በልዑል መጠጊያ የሚኖር» የሚለው በእኛ ዳዊት መዝሙር 90 ነው። የእኛ ቁጥር የሰባ ሊቃናትን ትርጉም፣ ማለትም ጥንት ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ የተተረጎመውን ይከተላል። በዕብራይስጡ 9 እና 10 የሆኑት እኛ ዘንድ አንድ መዝሙር ስለሆኑ፣ ከዚያ በኋላ በብዙው መዝሙር እኛ በአንድ እናንሳለን። የዕብራይስጡን ቁጥር በሚከተሉ ትርጉሞች ግን ያው መዝሙር 91 ነው። አንድ ቀን አብረውን የሚያድሉ ልጆች «መዝሙር 90ን አንብብ» የሚል ወረቀት በየመጽሐፉ ከተው አደሉ፤ ጴንጤው በያዘው መጽሐፍ ውስጥም ጭምር። እዚያ 90 ደግሞ የሙሴ ጸሎት ነው። ሰው ወደ አፈር እንደሚመለስ፣ ዕድሜው ሰባ ቢበዛ ሰማንያ እንደሆነ የሚናገረው። እግሩ በጄሶ የታሰረ ልጅ አነበበና «ጋሼ፣ ልሞት ነው እንዴ?» አለኝ። ገና ሃያ ዓመት አልሞላውም። ምን ልበለው? ቁጥር አትጻፉ! ገጹን ራሳችሁ ገልጣችሁ ክር አስገቡበት። ይኼ ስንት ደቂቃ ይፈጃል?

ግእዝ ብቻ የሆነ ዳዊት ለሁሉም አትስጡ። ከልጅነቱ ዳዊት የደገመ ካልሆነ ትራስ ነው የሚያደርገው።

ደቃቅ ፊደልም አይሆንም፤ ማታ በሞባይል መብራት ነው የሚያነቡት።

ሙስሐፍ፣ ማለትም የቁርኣን መጽሐፍ። ጎረቤቴ ያለው ዑስታዝ ነው ያስተማረኝ። ብዙ ዑለማዎች (የእስልምና ሊቃውንት) ያለ ውዱእ፣ ማለትም ከሶላት በፊት የሚደረገውን ትጥበት ሳያደርጉ፣ ቁርኣን መንካትን አይፈቅዱም። ሁለት እጁ በፋሻ የተጠቀለለ ሰው ሙስሐፉን አልጋው ላይ ጥላችሁበት ስትሄዱ ጭንቅ ነው የሰጣችሁት። የዱዓና የዚክር (አላህን የማውሳት) መጽሐፍ ይቀለዋል። ሙስሐፍ ከፈለገ ግን ራሱ ይንገራችሁ። መሬት ላይ ከጫማ ጋር እንዳታስቀምጡት ደግሞ።

ስምና የጦር ክፍል ሽፋን ላይ መጻፍ። ቢማረክ መጽሐፉ አፍ አውጥቶ ይናገራል። የእናቱን ስልክ መጻፍ ከፈለገ በራሱ እጅ ይጻፍ።

ፎቶ። ስታድሉ ተነስታችሁ ፌስቡክ ላይ የምትለጥፉ፣ እኔ ሱቅ አትምጡ።

በመጽሐፉ መሃል የፖለቲካ ወረቀት የሚሸጉጡም አሉ። አንዴ አግኝቼ አንድ ካርቶን ሙሉ ገጽ በገጽ ስፈትሽ አመሸሁ። የሌላኛው ወገን ቁስለኛም እዚያው ተኝቶ ነበር። እሱም «ዳዊት አለህ?» ብሎ ጠይቆኛል፤ ሰጥቼዋለሁ።

ፌስታል እንዳትረሱ። የደሴ ክረምት ወረቀት አይምርም። መጽሐፉ በፌስታል ተጠቅልሎ በደረት ኪስ የሚገባ መሆን አለበት፤ ትልቁንማ ሲንቀሳቀሱ እዚያው ጥለውት ነው የሚሄዱት።