ከእንስሳው በፊት ሆርሞኑን ምረጡ
የኩላሊት ጥናት የሚጀምሩ ወጣቶች ሊያማክሩኝ ሲመጡ «በየትኛው እንስሳ ልሥራ?» ይላሉ። እኔ ደግሞ የሚለኩት ሆርሞን የትኛው እንደሆነ ሳልሰማ መልስ አልሰጥም።

ሬኒን (ከኩላሊት የሚወጣውና የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገው) ከሆነ የተለመደው መንገድ ከአይጠመጎጥ ኩላሊት ስድስት እጅ አምስቱን ከሥራ ውጭ ማድረግ ነው። አንዱ ኩላሊት ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ከሌላው ሁለት ሦስተኛው ይቀነሳል። የአቀናነሱ ስልት ግን ውጤቱን ይለውጠዋል። የደም ቅዳውን ቅርንጫፎች ብትቋጥሩ ደም ያጠረው የኩላሊት ክፍል ሬኒን ይለቃል፤ የደም ግፊቱም ፈጥኖ ይወጣል። ሁለቱን ጫፎች ቆርጣችሁ ብታወጡ ግፊቱ ያን ያህል አይጨምርም። በሁለቱም ስልት ከኩላሊቱ አናት ያለውን አድሬናል ዕጢ አትንኩ፤ በሰውነት ውስጥ ጨውን የሚያስቀር አልዶስትሮን የተባለው ሆርሞን የሚመነጨው ከዚያ ነው። ለሕመም ማስታገሻም ቡፕሬኖርፊንን እመርጣለሁ፤ እንደ ሜሎክሲካም ያሉት ፀረ ብግነት ማስታገሻዎች የደከመ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ ሬኒንንም ይቀንሳሉ።

ኤሪትሮፖይቲን (ቀይ የደም ሴሎች እንዲመረቱ የሚያደርገው የኩላሊት ሆርሞን) ከሆነ የምትፈሩት ነገር የራሳችሁ መርፌ ይሁን። 300 ግራም የሚመዝን አይጠመጎጥ ያለው ደም 19 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በአንድ ጊዜ ከአሥር እጅ አንዱን፣ ማለትም 2 ሚሊ ሊትር እንኳ የማይሞላ፣ ብቻ ውሰዱ። ደጋግማችሁ ከቀዳችሁ እንስሳው ደም ያንሰዋል፤ የተረፈው ኩላሊትም ሆርሞኑን ይጨምራል፤ እናንተም የራሳችሁን ሥራ ትለካላችሁ። ስለዚህ ከማነጻጸሪያዎቹ እንስሳትም እኩል መጠን፣ በእኩል ቀን ቅዱ።

አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ጀማሪ ሳለሁ ለሬኒን የቀዳሁትን ደም «እንዳይበላሽ» ብዬ ለሰዓታት በበረዶ ላይ አቆየሁት። ቅዝቃዜው ግን ሥራ ፈትቶ የነበረውን ፕሮሬኒን (የሬኒንን መነሻ) ያነቃዋል፤ ቁጥሩ ሁሉ የማይታመን ሆነ። ለእነዚያ እንስሳት ዛሬም አዝናለሁ። ናሙናውን በክፍሉ ሙቀት በማሽን አሽከርክሩት፤ የሚለየውን ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ወዲያው በጥልቅ ቅዝቃዜ አድርቁት።

የኩላሊት እጥበትን (ዲያሊሲስን) በተመለከተ፣ የሆድ ዕቃ እጥበት ለአይጠመጎጥ ይሆናል። በማሽን የሚደረገው ግን ለትንሽ እንስሳ ይከብዳል፤ በቱቦውና በማጣሪያው የሚዘዋወረው ደም ከእንስሳው ደም ብዙውን ድርሻ ይወስዳል። አሜሪካዊው የመድኃኒት ተመራማሪ ጆን ኤብል እ.ኤ.አ. በ1913 የመጀመሪያውን የእጥበት መሣሪያ በውሾች ላይ የሞከረው፣ ደሙ እንዳይረጋም ከአልቅት የተገኘ ሂሩዲን የተጠቀመው በዚህ ዓይነት ትልቅ እንስሳ ነው። እኔ በግን እመርጣለሁ፤ የአንገቱ ደም መልስ በቀላሉ ይገኛል፣ ቆሞም ይታገሣል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ሲያትል በኩላሊት ሐኪሙ ጆን ኤሽባክ ጥናት ኩላሊታቸው ደክሞ ደም ያነሳቸው በጎች ኤሪትሮፖይቲን የበዛበት ፕላዝማ ሲሰጣቸው የደም ማነሳቸው ተስተካክሏል። እጥበት ቆሻሻን ቢያወጣም የጎደለ ሆርሞንን እንደማይተካ ከዚህ በላይ የሚያሳይ እንስሳ አላውቅም።

ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በፊት የማቆሚያውን መስመር በጽሑፍ አስፍሩ። እኔ በየማለዳው እመዝናለሁ፤ ከመነሻ ክብደቱ 20 በመቶ የቀነሰ እንስሳ፣ መረጃው ቢጎድልም፣ በዚያው ቀን ከጥናቱ ይወጣል።