የሚሸነፍ የቤዝቦል ቡድን እንዴት ይደገፋል?

በ2019 የዋሽንግተኑ ናሽናልስ ዋንጫ ሲበላ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ደጋፊ ያልሆነ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለበጠ። ከ2020 እስከ 2025 በየዓመቱ ካሸነፈው የተሸነፈው ይበልጣል። በ2022 ብቻ 107 ጨዋታ ተሸንፏል። ቀዩ ኮፍያም ቁም ሳጥን ገባ። እኛ ጋ ለዚህ ዓይነቱ ደጋፊ ስም አለን፦ የድል አጥቢያ አርበኛ።

እኔ ግን አልፈርድበትም። እንዲያውም ተመለስ ነው የምለው። በእግር ኳስ ላደግን ሰዎች ቤዝቦልን ለመልመድ ከሽንፈት ዓመት የተሻለ ጊዜ የለም። እንዲህ ጀምሩ።

1. የእግር ኳሱን ሂሳብ ተዉት። ፕሪምየር ሊግ 38 ጨዋታ ነው። አንድ ሽንፈት ሳምንቱን ሙሉ ያበላሻል። እዚህ ግን አንድ ቡድን በዓመት 162 ጊዜ ይጫወታል። 100 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ምርጥ ይባላል፤ እሱም 62 ጊዜ ተሸንፏል። ዛሬ ቢሸነፉ ነገ ሌላ ጨዋታ አለ።

ወራጅ ቀጠና የሚባል ነገርም የለም። መጨረሻ የወጣ ቡድን እዚያው ሊጉ ውስጥ ይቆያል፤ አዳዲስ ወጣቶች በሚመረጡበት ድራፍት ላይም ቀድሞ የመምረጥ ዕድሉ ይሰፋል። ናሽናልስ በ2008 102 ጊዜ፣ በ2009 ደግሞ 103 ጊዜ ተሸንፎ ነበር። ስቲቨን ስትራስበርግንና ብራይስ ሃርፐርን በተከታታይ በአንደኛ ምርጫ ያገኘው በዚያ ሽንፈት ነው። ስትራስበርግ ከአሥር ዓመት በኋላ የ2019ኙ ፍጻሜ ኮከብ ሆነ።

2. በወር አንድ ቀን ስጡት። ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር በወር አንድ ጊዜ ስታዲየም መግባት ይበቃል። የሥራ ቀን ምሽት ምረጡ፤ ወንበር እንደ ልብ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ የምትነሱ ቀዩን ባቡር ያዙና ፎርት ቶተን ላይ ወደ አረንጓዴው ቀይሩ። ከአሌክሳንድሪያ የምትመጡ ደግሞ ቢጫውን ይዛችሁ ላንፋን ፕላዛ ላይ ቀይሩ። መውረጃው ኔቪ ያርድ ነው።

3. አንድ ተጫዋች ምረጡ። ይሄ ዋናው ነው። ጀማሪ ሰው ሜዳውን ሁሉ ልይ ካለ ይሰለቻል። እኔ ጄምስ ዉድን እመክራለሁ። ቁመቱ 2 ሜትር የሚሆን የሜሪላንድ ልጅ ነው፤ በ2022 የናሽናልስ ኮከብ የነበረው ሁዋን ሶቶ ለሳንዲያጎ ቡድን ሲሰጥ በምትኩ ከመጡት ወጣቶች አንዱ። እሱ ዱላውን ይዞ ሲቆም ስልካችሁን አስቀምጡ። ከወርዋሪው ጋር ያለውን ግብግብ ብቻ ተመልከቱ። ሦስት ስትራይክ (የሳተው ወይም መምታት ሲገባው ያሳለፈው ውርወራ) ከሆነበት ይወጣል። አራት ቦል (ከመምቻው ክልል ውጪ የተወረወረና እሱም ያልሞከረው) ካገኘ በነፃ ወደ አንደኛው ቤዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው የሯጭ ማረፊያ ይሄዳል። ስለዚህ ሁለት ስትራይክና ሦስት ቦል ላይ ሲደርስ ልብ ይሰቅላል፤ ልክ እንደ ፍጹም ቅጣት ምት። ይሄ ስሜት የገባው ሰው ውጤቱ 8 ለ 1 ቢሆንም የሚያየው አያጣም።

4. ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ። አራተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው የሚከፈልበት ዙር) ላይ የድሮ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶችን የሚመስል ትልልቅ ጭንቅላት ያጠለቁ ሰዎች ይሮጣሉ። ቴዲ ሩዝቬልት ለዓመታት አንድም ጊዜ ሳያሸንፍ ቆይቶ በኦክቶበር 2012 አሸነፈ። ልጆች ይወዱታል።

5. ሳያልቅ አትውጡ። ቤዝቦል 90 ደቂቃ የለውም። የመጨረሻው ሰው እስኪወጣ ድረስ ጨዋታው ክፍት ነው። የ2019ኙ ቡድን ከመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31ዱን ተሸንፎ ነበር። ኦክቶበር 1 ከሚልዋኪ ጋር በተደረገው የሞት ሽረት ጨዋታ ስምንተኛው ኢኒንግ ድረስ ሚልዋኪ 3 ለ 1 እየመራው ነበር። ሁለት ሰው ወጥቶበታል፤ ሦስቱም ቤዝ ላይ የናሽናልስ ሯጭ ቆሟል። ያኔ ገና 20 ዓመቱ የነበረው ሶቶ ኳሷን ወደ ቀኝ መታት፤ ተከላካዩ አመለጠችው፤ ሦስቱም ሮጠው ገቡ። 4 ለ 3።