አረጋውያንን በጭፈራ ማንቀሳቀስ፦ ለጅማ ገጠር ቀበሌዎች

መጀመሪያ ቦታው ይታይ። የጅማ ቀይ አፈር ዝናብ ከነካው ያንሸራትታል፤ በክረምት አዳራሽ ወይም ሲሚንቶ የተደረገ የቡና ማስጫ ይሻላል። ሸበጥ አይሆንም፤ ከኋላ የሚታሰር ጫማ ይደረግ።

ከ10 እስከ 12 ሰው በክብ ይቁም፤ ከእያንዳንዱ ጀርባ ወንበር ይቀመጥ። 10 ደቂቃ ተቀምጦ ማሟሟቅ ይቅደም፦ ቁርጭምጭሚት ማዞር፣ ጉልበት ማንሳት፣ ትከሻ ወደ ኋላ ማዞር። ከዚያ 20 ደቂቃ ጭፈራ። ቀኝ እግር ወደ ጎን ይሂድ፣ ግራው ይከተል፤ 4 ጊዜ ወደ ቀኝ፣ 4 ጊዜ ወደ ግራ። ይህን ሲለምዱ ወንበሩን በአንድ እጅ ይዘው ለጥቂት ምት በአንድ እግር ይቁሙ፤ መውደቅን የሚከላከለው በዋናነት ይህ ሚዛን የመጠበቅ ልምምድ ነው።

እስክስታ ተቀምጦም ይሆናል። ብዙዎች ትከሻውን ትተው አንገት ይነቀንቃሉ፣ ትንፋሽም ይይዛሉ፤ ራስ ማዞር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ድንገት መሽከርከር ጨርሶ ይቅር፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱትም ከወንበር ቀስ ብለው ይነሱ።

ከበሮ መቺው ሞቅ ሲለው መፍጠኑ አይቀርምና መሪው ዓይኑን ከእሱ አይንቀል። እየጨፈሩ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃታቸው ፍጥነቱ ልክ ነው (ዘፋኙ ተቀምጦ ይዝፈን)። ደረቱን የሚያመው ወዲያው ቁጭ ይበል፤ ወደ ጤና ጣቢያም ይወሰድ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ ጉልበት የሚጠይቅ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሦስት ቀን ጭፈራ 60 ደቂቃ ይሸፍናል፤ ቀሪውን በእግር መንገድ ይሙሉት። የገበያ ቀንና የጁምዓ ሰዓት አይነካ፤ ሴቶች ለብቻችን ካሉም ክቡ ለሁለት ይከፈል።