ትልልቅ ፓኬቶችን የሚውጠው መስመር

ፒንግ (ግንኙነት መኖሩን የሚፈትሽ ትንሽ መልእክት) ይሠራል፣ ቀላል ገጾች ይከፈታሉ፤ ከበድ ያለ ፋይል ሲላክ ግን ግንኙነቱ ቀጥ ይላል። መንስኤው የፓኬት፣ ማለትም መረጃ ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ፣ መጠን ሆኖ ተገኘ። ኢተርኔት (የተለመደው የኬብል ኔትወርክ) በአንድ ጊዜ እስከ 1500 ባይት የሚደርስ ፓኬት ይሸከማል፤ በኢተርኔት ላይ ከኢንተርኔት አቅራቢው ጋር የሚያገናኘው የፒፒፒኦኢ መስመር ግን 8 ባይት ለራሱ ስለሚወስድ 1492 ብቻ ይቀራል። ከዚያ የበለጠና እንዳይቆራረጥ ምልክት የተደረገበት ፓኬት ሲመጣ ራውተሩ ይጥለውና ለላኪው በአይሲኤምፒ (የኔትወርክ ችግር ማሳወቂያ) መልእክት ያሳውቃል። ፋየርዎሉ (ትራፊክ የሚያጣራው መከላከያ) ይህን መልእክት ስለሚያግድ ላኪው ያንኑ ፓኬት ደጋግሞ ይልካል። አይሲኤምፒን ለደኅንነት ሲባል ጠቅልሎ መዝጋት በእውነት ጎጂ ልማድ ነው!

መቆራረጥን በሚከለክል ፒንግ ፈተሽኩት፤ 1464 ባይት አለፈ፣ 1465 አላለፈም። በላዩ 20 የአይፒና 8 የአይሲኤምፒ ራስጌ (ከመረጃው ፊት የሚታከል ክፍል) ባይት ሲደመር ልክ 1492 ይመጣል። መልእክቱን በፋየርዎሉ ፈቀድኩ፣ የኮምፒውተሩንም ኤምቲዩ (በአንድ ጊዜ የሚልከውን ትልቁን የፓኬት መጠን) 1492 አደረግኩ። ፋይሉ ያለ ችግር ተላከ።