የሲፓፕ ዋጋ አልቀመስ ሲል፦ የት ማውጣት፣ የት መቆጠብ

ስሊፕ አፕኒያ፣ ማለትም ተኝታችሁ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሕመም፣ አለባችሁ ተባላችሁ። ሐኪሙ ሲፓፕ የሚባለውን፣ ስትተኙ በማስክ አየር የሚነፋ ማሽን አዘዘላችሁ። ዋጋውን ስትጠይቁ ደግሞ ከበሽታው በላይ እሱ አስደነገጣችሁ። ማሽኑ ለብቻው ውድ ነው፤ ማስኩ፣ ቱቦው፣ ፊልተሩ፣ የውሃ ዕቃው ሲደመርበት ማለቂያ የሌለው ዕዳ ይመስላል። ግን ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ የግድ የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። የቀረው ወይ መቆየት ይችላል፣ ወይ በርካሽ ይተካል፣ ወይ ጭራሽ ባይገዛም ምንም አይጎድልባችሁም።

ለምን እንዲህ እንደምል እንዲገባችሁ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ ልንገራችሁ። ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል። አፕኒያ ያለበት ሰው ላይ የአየር መንገዱ እስኪዘጋ ድረስ ይላላና ትንፋሽ ለ10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይቆማል፤ ከዚያ አእምሮ ደንገጥ ብሎ ይቀሰቅሰዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ ሲል ያድራል። ሲፓፕ የክፍሉን ተራ አየር በግፊት እየነፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ይይዘዋል። ሌላ ሥራ የለውም፤ ኦክስጅንም መድኃኒትም አይሰጥም። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫን እና ባልደረቦቹ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1981 ሲያሳትሙት መሣሪያው አየር የሚነፋ ሞተርና አፍንጫ ላይ የሚገጠም ማስክ ነበር፤ ዛሬም ዋናው ነገር ያው ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ መሄድ ያለበት ሁለት ነገር ላይ ነው፦ ለእናንተ የሚሆነውን ግፊት በትክክል የሚሰጥ ማሽን፣ እና ፊታችሁ ላይ አየር ሳያባክን የሚቀመጥ ማስክ።

መጀመሪያ ወረቀታችሁን ያዙ

የምርመራ ውጤታችሁን እና የሐኪሙን ማዘዣ ቅጂ ጠይቃችሁ ተቀበሉ። ማዘዣው ላይ የግፊቱ ቁጥር መጻፉን እዩ። ይህ ወረቀት እጃችሁ ካለ ዋጋ እያወዳደራችሁ የትም መግዛት ትችላላችሁ፤ ከሌላችሁ ግን አንድ ሻጭ ላይ ተጣብቃችሁ ትቀራላችሁ።

ገና ካልተመረመራችሁ ቤት ይዛችሁት የምታድሩት የምርመራ መሣሪያ መኖሩን ጠይቁ። ላብራቶሪ ከማደር ብዙውን ጊዜ በጣም ይረክሳል። ለሁሉም ሰው ግን አይሆንም። ከባድ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ላብራቶሪ ቢያድር ይሻላል። የቤቱ ምርመራ ችግሩን አሳንሶ ሊያሳይም ይችላል፤ ስለዚህ «ምንም የለብህም» ተብላችሁ ቀን ቀን እንቅልፍ እየጣላችሁ ከሆነ በዚያ አትለፉት። ውጤቱ ላይ የምትፈልጉት ቁጥር ኤኤችአይ ይባላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትንፋሽ ስንት ጊዜ እንደቆመ ወይም እንደቀነሰ ይናገራል። ለአዋቂ ከ5 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከባድ። ቁጥሩ የሚጠቅማችሁ በኋላ አማራጭ ስትመርጡ ነው።

ማሽኑ

ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ተራው ሲፓፕ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ግፊት ይሰጣል። ኦቶ የሚባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 20 ሴንቲሜትር ውሃ (የግፊት መለኪያው ነው) ባለው ልክ ውስጥ ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ባይፓፕ ለመሳብና ለማስወጣት የተለያየ ግፊት ይሰጣል፣ ዋጋውም የትየለሌ ነው። ሐኪማችሁ ለይቶ ካላዘዘው ባይፓፕን እርሱት። እኔ ብሆን ኦቶውን እመርጣለሁ። ዋጋው ከተራው ትንሽ ቢበልጥም፣ ተጓዳኝ ሕመም የሌለበት ብዙ ሰው ግፊቱን ለማስለካት ብቻ ላብራቶሪ ገብቶ ከሚያድርበት ወጪ ያድናል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። አንዳንድ ርካሽ ማሽን የሚመዘግበው ስንት ሰዓት እንደተጠቀማችሁበት ብቻ ነው። ይህን አትግዙ። በየሌሊቱ ትንፋሻችሁ ስንት ጊዜ እንደቆመ፣ ማስኩ ምን ያህል አየር እንዳፈሰሰ የሚመዘግብ መሆን አለበት። መረጃውን በሚሞሪ ካርድ የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ ኦስካር የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ኮምፒውተራችሁ ላይ ጭናችሁ ሌሊታችሁ እንዴት እንዳለፈ በግራፍ ታያላችሁ። የሚቀበላቸው ማሽኖች ዝርዝር ስላለው ከመግዛታችሁ በፊት እዩት። ይህ በተዘዋዋሪ ብዙ ገንዘብ ይቆጥባል፤ ምክንያቱም ችግሩ ማስክ ይሁን ግፊት ሳታውቁ በግምት ዕቃ መቀያየር ነው ኪስ የሚያራቁተው።

ኢንሹራንስ ካላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ማሽኑ ኪራይ ነው ወይስ ግዢ? ከኪሴ የሚወጣው ጠቅላላ ስንት ነው? በቂ ሰዓት ካልተጠቀምኩበት ይወሰድብኛል? የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ለምሳሌ ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ክፍያውን ለመቀጠል በተከታታይ 30 ቀን ውስጥ 70 በመቶ በሚሆነው ሌሊት ቢያንስ 4 ሰዓት መጠቀማችሁን ያያል። የኪራዩን ወርሃዊ ክፍያ በወራቱ አባዙና በጥሬ ገንዘብ ከሚሸጥበት ጋር አወዳድሩት። አንዳንዴ ኢንሹራንሱን ትቶ በካሽ መግዛት ይረክሳል፤ ይገርማል ግን አለ።

ያገለገለ መግዛትም ነውር አይደለም። ስትገዙ ግን፦

- የሠራበትን ሰዓት ሜኑው ውስጥ ገብታችሁ እዩ። ማሽኖቹ በአብዛኛው 5 ዓመት ገደማ እንዲያገለግሉ ታስበው ነው የሚሠሩት፤ ከዚያ በላይ የሚቆዩም ብዙ ናቸው።
- የመለያ ቁጥሩን አጣሩ። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ድምፅ ለማፈን ውስጣቸው የተደረገው ስፖንጅ እየተፈረፈረ በትንፋሽ ሊገባ ይችላል ብሎ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ማሽኖች እንዲመለሱ ጠርቷል። ድሪምስቴሽን የሚባለው ሞዴል የመጀመሪያው ሥሪት ከእነሱ አንዱ ነው። እንዲህ ያለው በነጻም ቢሰጣችሁ መጠገኑ ወይም መቀየሩ ሳይረጋገጥ አትጠቀሙበት።
- አሽትቱት። የሲጋራ ሽታ ከገባበት አይለቅም።
- ማስኩን፣ ቱቦውን፣ ፊልተሩንና የውሃ ዕቃውን አዲስ አድርጉ። ይህን ወጪ ዋጋው ላይ ደምራችሁ ነው «ረከሰ» ማለት ያለባችሁ።
- ማሽኑ ላይ የተሞላው ግፊት ለቀድሞው ሰውዬ የታዘዘ ነው። ከእናንተ ማዘዣ ጋር ሳይስተካከል አትተኙበት።

ማስኩ ላይ አትሰስቱ

ማሽኑን ገዝተው ቁምሳጥን ውስጥ የሚወረውሩት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የተሸነፉት በማስኩ ነው። በጣም ውዱ ማሽን ደግሞ የማትጠቀሙበት ማሽን ነው።

አፍንጫን የሚሸፍን አለ፣ የአፍንጫ ቀዳዳ ሥር ብቻ የሚቀመጥ ትንሽ አለ፣ አፍና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን አለ። ተኝታችሁ አፋችሁ የሚከፈት ከሆነ ሦስተኛውን ታስቡ ይሆናል፤ ግን ትልቅ ስለሆነ አየር የሚያመልጥበት ቦታም ብዙ ነው። አፍንጫችሁ የሚዘጋው በአለርጂ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ታከሙ፤ ከዚያ ትንሹ ማስክ ሊበቃችሁ ይችላል። ጢም ያላችሁ ደግሞ ቀዳዳ ሥር የሚቀመጠውን ሞክሩ።

ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ የለካችሁት ማስክ አልጋ ላይ ሌላ ነገር ነው፤ ፊት ሲጋደም ቅርጹን ይቀይራል። ስለዚህ ማሽኑ በርቶ፣ በራሳችሁ ግፊት፣ ተኝታችሁ፣ በጎንም ተገላብጣችሁ ሞክሩት። ካልተመቸኝ እመልሳለሁ የሚል ስምምነት ከሌለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ብዙ አምራቾች ፊታችሁን የምትለኩበት ወረቀት ኢንተርኔት ላይ በነጻ ያስቀምጣሉ። ፊት የሚነካውን ሲሊኮን ከትንሽ እስከ ትልቅ በሦስት ልክ አብሮ የያዘ ጥቅል ካገኛችሁ ደግሞ እሱን ውሰዱ።

ማስክ አንድ ዕቃ አይደለም። ፍሬሙ፣ ፊት የሚነካው ሲሊኮን እና የራስ ማሰሪያው ለየብቻ ይሸጣሉ። ሲሊኮኑ ሲያልቅ ሲሊኮኑን ብቻ ግዙ። ሻጩ ሙሉውን ሊሸጥላችሁ ይሞክራል፣ ሥራው ነው። ማሰሪያው የላላ ሲመስላችሁም በለብ ያለ ውሃና ሳሙና እጠቡት፤ ብዙውን ጊዜ የተወሰነ ጉልበት ይመለስለታል።

ሲሊኮኑን በፍጥነት የሚያበላሸው የፊት ቅባት ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ፊታችሁን ታጠቡ፣ ጠዋት ሲሊኮኑን ለስላሳ በሆነ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥባችሁ ፀሐይ በማይመታው ቦታ አድርቁ። በረኪናና አልኮል አታስጠጉት። አየር ሲያመልጥ ማሰሪያውን ማጥበቅ የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ነው፣ ግን ያባብሰዋል፣ ፊትም ያቆስላል። አላሉት፤ ተኙና ማሽኑን አብሩት፤ ሲሊኮኑ በአየር ይነፋ፤ ከዚያ ከሁለቱም ጎን እኩል ጥቂት ጥቂት ሳቡ። ፊታችሁን ከቆረቆራችሁ ከአሮጌ የጥጥ ካናቴራ ሲሊኮኑ ሥር የሚገባ ቀጭን ጨርቅ ቆርጣችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ማስኩ ላይ ያሉትን ትናንሽ ቀዳዳዎች ግን በምንም ዓይነት አትድፈኗቸው። ያስወጣችሁት አየር የሚወጣው በእነሱ ነው።

በየስንት ጊዜው ይቀየራል?

«ሲሊኮን በየወሩ፣ ቱቦ በየ3 ወሩ፣ ማሰሪያ በየ6 ወሩ» የሚል ሰንጠረዥ ሁሉም ቦታ ታያላችሁ። ሰንጠረዡ በአብዛኛው የመጣው ኢንሹራንስ እስከ ስንት ድረስ እንደሚከፍል ከሚወስነው ሕግ ነው። ዕቃው በዚያ ቀን ይሞታል ማለት አይደለም። ኢንሹራንስ የሚከፍልላችሁ ከሆነ ውሰዱና አስቀምጡት። ከኪሳችሁ ከሆነ ግን ዕቃውን እያያችሁ ቀይሩ፦ ሲሊኮኑ ሲጠነክር፣ ሲሰነጠቅ ወይም ታጥቦም አየር ማፍሰሱ ሲቀጥል፤ ቱቦው ሲቀደድ ወይም ሊጸዳ ያልቻለ ነገር ውስጡ ሲታይ። የተጠራጠራችሁትን ቱቦ አንዱን ጫፍ ደፍናችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩና በሌላው ጫፍ ንፉበት። አረፋ ካወጣ ቀዳዳ አለው።

ፊልተር ላይ ግን አትሰስቱ። ነጩ ስስ ፊልተር አይታጠብም፤ ሲጠቁር ይጣላል። ጥቁሩ ስፖንጅ መሰል ከሆነ ይታጠባል፣ በደንብ ደርቆ ይመለሳል። ሁለቱንም ከአምራቹ ውጪ የተሠራ፣ በብዛት የታሸገ ብትገዙ በጣም ይረክሳል፤ ልኩ ልክ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ተራ ቱቦም እንዲሁ ነው፤ ጫፉ 22 ሚሊሜትር የሆነው ከአብዛኛው ማሽንና ማስክ ጋር ይገጥማል። የሚሞቀው ቱቦ ግን ከየማሽኑ ጋር የተቆራኘ ስለሆነ ውድ ነው። ቱቦው ውስጥ ውሃ እየተጠራቀመ ካስቸገራችሁ እሱን ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑን ከአልጋው ዝቅ አድርጉ፣ ቱቦውን በጨርቅ ሸፍኑት ወይም ብርድ ልብስ ሥር አስገቡት፣ እርጥበቱንም ቀንሱ።

የማትገዙት

በኦዞን ወይም በአልትራቫዮሌት እናጸዳለን የሚሉት ሳጥኖች ዋጋቸው ለጉድ ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ እነዚህ መሣሪያዎች አስጠንቅቋል፤ ኦዞን ሳንባ ሊጎዳ ይችላል። ሳሙናና ውሃ ይበቃል። ለሲፓፕ የተሠራ ተብሎ የሚሸጠው የማጽጃ ሶፍትም ያው ነው። ልዩ ትራስ፣ ቱቦ ማንጠልጠያ፣ ቱቦ ማልበሻ? ሌላ ነገር ሁሉ ተሟልቶ ገንዘብ ከተረፈ። ቱቦ የሌለው፣ አፍንጫ ውስጥ የሚሰካ «ሚኒ ሲፓፕ» በማስታወቂያ ካያችሁ እለፉት፣ ግፊት የሚያመጣበት ሞተር እንኳ የለውም።

የውሃ ዕቃውም ቢሆን የግድ አይደለም። አፍና አፍንጫችሁ ካልደረቀባችሁ ያለ ውሃ ተኙ። ከተጠቀማችሁ ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ይመረጣል። የፈላ ውሃ ጀርሙ ቢሞትም ጨውና ማዕድኑ አይወጣለትም፤ ዕቃው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊቱን አንድ እጅ ነጭ አቼቶ በአስር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አስለቅቁትና በደንብ አለቅልቁት። የተረፈውን ውሃ በየጠዋቱ ድፉ፤ ውሃ እንዳለበትም ማሽኑን አታንቀሳቅሱ።

ማሽኑ ጭራሽ ካልተቻለ

አፕኒያችሁ ቀላል ወይም መካከለኛ ከሆነ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት የሚይዝ፣ በጥርስ ሐኪም ልክ የሚሠራ መሣሪያ አለ። እሱም ርካሽ አይደለም፤ ግን ቱቦ፣ ፊልተርና በየጊዜው የሚቀየር ሲሊኮን የለውም። ችግሩ የሚብሰው በጀርባ ስትተኙ ብቻ ከሆነ በጎን መተኛትን መልመድ በነጻ የሚገኝ ሕክምና ነው፤ የምርመራ ውጤታችሁ ይህን ለይቶ እንዳሳየ ሐኪሙን ጠይቁ። ክብደት መቀነስ ትርፍ ክብደት ላለው ሰው የኤኤችአይ ቁጥሩን ብዙውን ጊዜ ያወርዳል። ማታ ማታ አልኮልና ያለ ሐኪም ፈቃድ የሚወሰድ የእንቅልፍ ኪኒን ደግሞ ጉሮሮውን ይበልጥ ስለሚያላሉት ይቅሩባችሁ። ከባድ አፕኒያ ያለባችሁ ግን ከእነዚህ በአንዱ ብቻ ተማምናችሁ ሲፓፑን አትተዉት፤ ያገለገለ ወይም የተለገሰ ማሽን እስክታገኙ ሐኪማችሁ እንዲያግዛችሁ ጠይቁ።

የትኛውንም ብትመርጡ ማንኮራፋቱ ስለጠፋ ብቻ አፕኒያው ጠፋ አትበሉ። ድምፁ ቆሞ ትንፋሹ መቆራረጡን ሊቀጥል ይችላል። የጥርሱን መሣሪያ አድርጋችሁ ወይም ክብደቱን ቀንሳችሁ የቤቱን ምርመራ አንድ ሌሊት ድገሙትና አዲሱን ኤኤችአይ ከድሮው ጋር አስተያዩት።