አባታችሁ ወይ አጎታችሁ ባሕር ኃይል ነበሩ? የመርከባቸውን ታሪክ እንዲህ ፈልጉና አስቀምጡ

የጦር መርከብ ጡረታ ሲወጣ ሙዚየም የሚገባ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለንደን የሄደ ሰው ቴምዝ ወንዝ ላይ ቤልፋስት የምትባለውን የጦር መርከብ ያያል፣ ኒውዮርክ ያለ ኢንትሬፒድ የምትባለውን ያያል፣ ከዛ ሁሉም እንደዚህ የሚቀመጥ ይመስለዋል። እነዚህ ግን እድል የገጠማቸው ናቸው። አብዛኛው ወይ ተቆራርጦ ብረት ይሆናል፣ ወይ ለሌላ አገር ይሰጣል፣ ወይ የተኩስ መለማመጃ ሆኖ ይሰምጣል፣ ወይ ደሞ ተጠርጎ የዓሣ መኖሪያ እንዲሆን ባሕር ውስጥ ይቀመጣል፣ ኦሪስካኒ የምትባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ በ2006 ፍሎሪዳ አጠገብ ሆን ተብሎ እንደሰመጠችው ማለት ነው። ሙዚየም ሆኖ መቆየትም ዋስትና አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ አናኮስቲያ ወንዝ ላይ ለስንት ዓመት ስትጎበኝ የነበረችው ባሪ የምትባል የጦር መርከብ በ2016 ተጎትታ ሄደች፣ ምክንያቱ ደሞ አዲሱ ድልድይ እንደ ድሮው ስለማይከፈት እዛው ተዘግቶባት እንዳትቀር ነው።

የኛዋ «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከብ ታሪክ ይሄን ሁሉ ለማየት ጥሩ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው፣ ዓ.ም. ካልኩ ብቻ በኛ ነው።) መርከቧ ስትሠራ ስሟ ኦርካ ነበር፣ የባሕር ላይ አውሮፕላኖችን ነዳጅ የምታጠጣና የምትጠግን የአሜሪካ መርከብ፣ በ1944 አገልግሎት ጀምራ ፊሊፒንስ አካባቢ በነበረው ጦርነት ተሳትፋለች። በ1962 መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ተሰጠችና ኤ 01 የሚል ቁጥር ይዛ ምጽዋ ገባች፣ የባሕር ኃይሉ ዋና መርከብ ሆነች፣ ስንት ዕጩ መኮንን ባሕር የለመደው እሷ ላይ ነው። ምጽዋ በ1990 የካቲት ላይ ተያዘች፣ በ1991 ግንቦት ሁሉም ነገር ሲፈርስ መርከቧ ሠራተኞቿን ይዛ ወደ የመን ሸሸች፣ በ1993 ደሞ ለስክራፕ ተሸጠች። ጅቡቲ የቀሩት መርከቦች በ1996 በጨረታ ተሸጡ፣ ባሕር ኃይሉም በዛው ተዘጋ። ሄዳችሁ የምትነኩት ነገር የለም ማለት ነው። የቀረው ሰው ቤት አልበም ውስጥና ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው፣ ለዛ ነው ይሄን የምጽፈው፣ እነዛ ሰዎች አሁን ሰባና ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል።

መጀመሪያ የመርከቧን ስምና ቁጥር አግኙ። የአክስቴ ባል የሞተር ክፍል መካኒክ ነበሩ፣ አንዲት የፖስታ ካርድ የምታክል ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለቻቸው፣ ነጭ ዩኒፎርም ለብሰው የመርከቡን ዳር መደገፊያ ብረት ተደግፈው ቆመዋል። ለዓመታት ግድግዳ ላይ ሳያት የትኛው መርከብ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ስካን አድርጌ ሳጎላት ከትከሻቸው ጀርባ የተንጠለጠለ የነፍስ አድን ጎማ አለ፣ ዙሪያውን የተጻፈው ፊደል ግማሹ በክንዳቸው ተሸፍኗል፣ የቀረው ግን ይነበባል። እናንተም ፊቱን ብቻ አትዩ፣ ጎማውን፣ የጀልባውን ጎን፣ የኮፍያውን ሪባን፣ ከፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር እዩ። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ፣ ንጉሡ በየዓመቱ ምጽዋ ወርደው በሚያከብሩት የባሕር ኃይል ቀን የውጭ አገር የጦር መርከቦችም ተጋብዘው ይመጡ ስለነበር አልበም ውስጥ ያለ መርከብ ሁሉ የኛ አይደለም፣ ቁጥሩን ሳታረጋግጡ «የአባቴ መርከብ» ብላችሁ አትለጥፉ። በደርግ ጊዜ ከመጡት የሶቪየት መርከቦች ትልልቆቹ ፔትያ የሚባሉት ሁለቱ ናቸው፣ ቁጥራቸው 1616 እና 1617 ስለሆነ በቀላሉ ይለያሉ።

ስሟን ካገኛችሁ በኋላ የድሮ ስሟን ተከተሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ኢትዮጵያ» ብላችሁ ብትፈልጉ ትንሽ ነገር ነው የሚመጣላችሁ፣ «ኦርካ» ከነቁጥሯ ኤቪፒ 49 (በእንግሊዝኛ USS Orca AVP-49) ብላችሁ ስትፈልጉ ግን የአሜሪካ ባሕር ኃይል የታሪክ ክፍል ለእያንዳንዷ መርከቡ የጻፈው አጭር ታሪክ አለ፣ ፎቶም አለ፣ የመርከብ የዕለት መዝገብ ደሞ የአሜሪካ ብሔራዊ መዛግብት ቤት ውስጥ ይገኛል። ሲያትል አካባቢ የምትኖሩ ካላችሁ ይሄ የናንተ ሰፈር ነው፣ ኦርካ የተሠራችው ዋሽንግተን ሐይቅ ላይ ሃውተን በሚባለው ቦታ ነው፣ አሁን ኪርክላንድ ውስጥ ካሪሎን ፖይንት የሚባለው ጋ ማለት ነው፣ ቅዳሜ ቡና ይዛችሁ የምትሄዱበት ዳርቻ ላይ። እህት መርከቦቿን፣ ማለት በአንድ ንድፍ የተሠሩትን፣ እዩ፣ አንዷ ጋርዲነርስ ቤይ ለኖርዌይ ተሰጥታ ሆከን ሰባተኛ ተብላ የማሠልጠኛ መርከብ ሆና ነበር፣ የኛን ባሕር ኃይል ሲያቋቁሙ የረዱት ኖርዌጂያኖች ስለነበሩ ነገሩ ይገጣጠማል፣ የውስጥ ፎቶ ካጣችሁ ደሞ የእህቶቿ ፎቶ ክፍሎቹ የት የት እንደነበሩ ያሳያችኋል። ከ1962 በኋላ ያለው የኛ ዘመን ግን አሜሪካኖቹ ጋ ብዙም አይገኝም፣ እሱ ያለው ሰዎቹ ጋ ነው።

ቀን አትደባልቁ። አዛውንቶቹ የሚነግሯችሁ በኛ ነው፣ ወረቀቱ በፈረንጅ ነው። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ከሆነ 7 ደምሩ፣ ከዛ በኋላ እስከ ጳጉሜ መጨረሻ ከሆነ ደሞ 8 ደምሩ። «በ54 ጥር» ካሏችሁ 1962 ነው። ስትጽፉ ሁለቱንም ጻፉ፣ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ብላችሁ።

አሁን ዋናው፣ ሰውየውን ማናገር። ፎቶውን እጃቸው ላይ ስጧቸውና «ይሄ የት ነው፣ ከጎንዎ ያሉት ማን ናቸው» ብላችሁ ጀምሩ፣ ከፖለቲካና ከሽሽቱ አትጀምሩ፣ ብዙዎቹ ጓደኛ ያጡበት፣ ከዛም በስደት ካምፕ ያሳለፉበት ነው፣ ሲፈልጉ ራሳቸው ይደርሱበታል። ትንንሽ ነገር ጠይቁ። አልጋዎት የት ነበር፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ፣ ምን ትበሉ ነበር፣ በጾም ጊዜስ፣ ማዕበል ሲመጣ ድስቱን ማን ይይዛል፣ ደመወዝ ስንት ነበር፣ ምጽዋ ስትወርዱ የት ትሄዳላችሁ። የአክስቴን ባል «ሞተር ክፍሉ ይሞቅ ነበር?» ስላቸው ዝም ብለው ቆዩና በእጃቸው ጠረጴዛው ላይ መሳል ጀመሩ፣ እዚህ የግራው ዲዝል፣ እዚህ የቀኙ፣ መሃል ላይ እኔ፣ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ፣ መሬቱ በእግሬ ሲንቀጠቀጥ ነው ሞተሩ ደህና መሆኑን የማውቀው አሉኝ። ይሄ የትኛውም መዝገብ ላይ አይገኝም። አርባ ደቂቃ ቀዳሁ፣ «ሌላ ቀን እጨርሳለሁ» ብዬ ሄድኩ፣ እሳቸው ግን በዛው ክረምት አረፉ። ስለዚህ ቀጠሮ አታራዝሙ።

አቀዳዱ ላይ ስልካችሁን ፍላይት ሞድ አድርጉት አለበለዚያ ስልክ ሲደወል ይቋረጣል፣ ቴሌቪዥኑን አጥፉ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ፎጣ ዘርግታችሁ አስቀምጡት የስኒው ድምፅ እንዳይገባ። ሲጀምር ስማቸውን፣ ማዕረጋቸውን፣ ቀኑንና ቦታውን በድምፅ ያስገቡ፣ ደሞ ለሰው ማሰማት እንደምትችሉ ፈቃዳቸውን እዛው ይናገሩ። ከአርባ ደቂቃ በላይ አታድክሟቸው። ኤርትራ የቀሩ ወይም ኤርትራዊ የሆኑ ጓደኞቻቸውን ስም ሲጠሩ ደሞ አድምጡ፣ አንድ መርከብ ላይ አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው፣ ስማቸውን ግን የሰዎቹን ወይም የቤተሰባቸውን ፈቃድ ሳታገኙ ይፋ አታውጡ።

ፎቶዎቹን በ600 ዲፒአይ (ስካነሩ ላይ የሚመረጥ የጥራት መጠን ነው) ስካን አድርጉ፣ ጀርባውንም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ ቀኑና የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያለው ጀርባው ላይ ነው። በሚለጠፍ ፕላስቲክ አልበም ላይ የተጣበቀውን በጉልበት አትላጡ፣ ከነገጹ ስካን አድርጉት። ጀርባው ላይ መጻፍ ካለባችሁ በለስላሳ እርሳስ እንጂ በቢክ አይደለም፣ ቢክ ከጊዜ በኋላ ወደ ፊት ይወጣል። በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» ብላችሁ ላኩት፣ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና ያ ጎማ ላይ ያለው ፊደል ይጠፋል። ኮፒው ሦስት ቦታ ይሁን፣ አንዱ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ጋ። የፋይሉን ስም ዓመት፣ መርከብ፣ የሰው ስም አድርጉት፣ ከስልኩ የመጣው የቁጥር ስም ነገ ምንም አይነግራችሁም።

ዕቃ ካለ፣ ዩኒፎርሙን አትጠቡት፣ የናስ ቁልፎቹንና አርማውን በብራሶ አትወልውሉ፣ ስትወለውሉ ጽሑፉንም እየፋቃችሁ ነው። በንጹሕ ነጭ አቡጀዲ ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፣ ፌስታል ውስጥ አይሁን፣ ያልበዋል።

መጨረሻ ላይ ኮፒውን ለተቋም ስጡ፣ ዋናው ቤታችሁ ይቆይ። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፣ ወመዘክር አለ። ስትሄዱ ፍላሹን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ አንድ ገጽ ወረቀት አብራችሁ ያዙ፣ ሰውየው ማን እንደሆኑ፣ በየትኛው መርከብ ከመቼ እስከ መቼ እንዳገለገሉ፣ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ማን እንደቆመ፣ የማይታወቀውን ሰው «ያልታወቀ» ብላችሁ ባዶ ቦታ ተዉለት፣ የሚያውቀው ሰው ሲመጣ ይሞላዋል። የተረከበው ሰው ፊርማና ቀን ያለበት ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ።